ያ ሁሉ ሕዝብ ጌታን የተከተለው ለምን ነበር?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ጥያቄዬ አጭር ናት፣ ማብራሪያዋ ግን ትንሽ ይረዝማል። ታገሡኝ።

ወንጌልን ስናነብ ሕዝቡ የሌለበት ገጽ የለም ማለት ይቻላል። በር ላይ ይጋፋል። ባሕር ዳር ይቆማል። ጌታ በጀልባ ሲሻገር በእግሩ ዞሮ ቀድሞት ይጠብቃል። ማርቆስ ምዕራፍ 3 ላይ ከየት ከየት እንደመጣ ይዘረዝራል፦ ከገሊላ፣ ከይሁዳ፣ ከኢየሩሳሌም፣ ከኤዶምያስ፣ ከዮርዳኖስ ማዶ፣ ከጢሮስና ከሲዶና አካባቢ። ኤዶምያስ ከይሁዳም አልፎ በስተ ደቡብ ነው። ጢሮስና ሲዶና ደግሞ በሰሜን ናቸው፣ የአይሁድ ከተሞች እንኳን አይደሉም። ስልክ የለ፣ ሬዲዮ የለ፣ መኪና የለ። ገበሬው እርሻውን፣ ዓሣ አጥማጁ መረቡን ጥሎ ይህን ሁሉ መንገድ የሚወጣው ምን አገኛለሁ ብሎ ነው?

የተለመደው መልስ ትምህርቱ ማርኳቸው ነው የሚል ነው። ልክ ነው፣ ግን አይበቃኝም። ማርቆስን ከምዕራፍ አንድ ጀምሬ ሳነብ በሩን የሚያጨናንቀው ሕመምተኛው ነው። ቀጥሎ ሕመምተኛውን የተሸከመው። ለምጻሙ ድኖ ወሬውን ከነዛ በኋላማ ጌታ በግልጥ ወደ ከተማ መግባት አልቻለም። ውጭ በምድረ በዳ ሆኖ እንኳ ከየአቅጣጫው ይመጡበት ነበር። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ሕዝቡን ከቤቱ ያስወጣው ፈውሱ ነው። ትምህርቱን ያገኘው ከመጣ በኋላ ነው። ምን ትላላችሁ?

መልሶቹ

ይህን ከለጠፍኩ በኋላ ክሩ እየረዘመ ሄደ። አንዳንዱ ሰው ዘግይቶ እየገባ ከላይ የተባለውን ሳያነብ ያንኑ ይደግማል። ስለዚህ የተባለውን በቁጥሩ እየተከተልኩ በራሴ ቃል አስቀምጬዋለሁ። ሙሉውን የፈለገ ወደ ላይ ወጥቶ ያንብብ።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ጸሐፊው በሐሳቤ ተስማምቶ እኔ የዘለልኩትን አንድ ነገር አከለልኝ። በቅፍርናሆም ሰዎቹ ሕመምተኞቻቸውን ያመጡት ፀሐይ ከገባች በኋላ ነው። ቀኑ ሰንበት ነበርና። በሰንበት ሸክም አይነሣም። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በየቤታቸው ሆነው ፀሐይዋን ሲጠብቁ ውለዋል ማለት ነው። ልክ ስትገባ ከተማው እንዳለ በሩ ላይ ተሰበሰበ። ቃሬዛውን አዘጋጅቶ ጀንበር መጥለቂያውን የሚያይ ቤተሰብ፣ ጸሐፊው እንዳለው፣ ስብከት ለመስማት አይደለም የቸኮለው።

2ኛው በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወንድም ነው። በትሕትና፣ ግን ጠንከር አድርጎ አረመኝ። በማርቆስ 1 ቅደም ተከተሉ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው አለ። ጌታ መጀመሪያ ወደ ምኩራብ ገብቶ አስተማረ። ሰዎቹ የተገረሙት ያኔ ነው፣ እንደ ጻፎች ሳይሆን እንደ ባለሥልጣን ያስተምራቸው ነበርና። ርኩስ መንፈስ ያለበት ሰው የጮኸው ከዚያ በኋላ ነው። ጻፎቹ ያስተማሩት የቀደሙትን መምህራን እየጠቀሱ ነበር፣ እርሱ ግን በራሱ ሥልጣን ይናገራል። ለገበሬ ይህ አዲስ ነገር ነው። ደግሞ ማርቆስ 12 ላይ በቤተ መቅደስ ብዙ ሕዝብ በደስታ ይሰማው እንደነበር አስታወሰ። እዚያ ቦታ ላይ ስለ ፈውስ የተጻፈ ምንም የለም።

ጥሩ እርማት ነው። እኔ ግን አሁንም አንድ ነገር አያለሁ። በገሊላ ዙሪያ ዝናው ወጣ የሚለው መስመር የሚመጣው መንፈሱ ከወጣ በኋላ ነው። ምኩራብ ውስጥ የነበሩት በትምህርቱ ተገረሙ። ተራራ ተሻግሮ የሄደው ወሬ ግን ሌላ ነው።

3ኛው አሜን ብሎ ሄደ። ተባረክ።

4ኛውን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። አንዲት እኅት ናት፣ አሁን ዋሽንግተን አካባቢ ትኖራለች። ልጅ ሆና ከእናቷ ጋር ጸበል መሄዷን ጻፈች። የታመመችው አክስቷ ነበረች። የታመመው አንድ ሰው ነው፣ የሄዱት ግን ስድስት ነበሩ። አክስቷን የሚደግፉ ሁለት፣ ስንቅና ብርድ ልብስ የሚይዝ አንድ፣ እናቷ፣ እሷ ራሷ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ጧፍ የሚሸጥ አለ፣ ቆሎ የሚሸጥ አለ። ድኖ ለምስጋና የተመለሰ አለ። ምንም ሳይታመም እስቲ ልየው ብሎ የመጣም አለ። ሌሊቱን በጋቢ ተጠቅልሎ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ ከሩቅ ያየ ሰው ሁሉም በሽተኛ ይመስለዋል። የገሊላውም ሕዝብ እንዲያ ይሆናል ብላ ገመተች። አንድ በሽተኛ ሲንቀሳቀስ ቤተሰብ ይንቀሳቀሳል።

5ኛው ይህንን ተቀብሎ ወደ ወንጌሉ ወሰደው። ሽባውን ያመጡት አራት ሰዎች ነበሩ። አምስተኛው ራሱ ሽባው ነው። በሩ በሕዝብ ስለተዘጋ ጣሪያው ላይ ወጡ። የዚያ ዘመን የቅፍርናሆም ቤት ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ ነው። ጣሪያው ግን በወራጅ እንጨት ላይ የተረበረበ ቅርንጫፍ ከላይ በጭቃና በገለባ የተለቀለቀ ነው። በውጭ በኩል ደረጃ አለው። ስለዚህ መውጣቱም መቆፈሩም አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከታች ላለው ሰው ነው። ጸሐፊው እዚህ ላይ ቆም አለ፦ ጌታ እያስተማረ ነው፣ ጭቃና ገለባ በአድማጮቹ ራስ ላይ ይዘንባል፣ የቤቱ ባለቤት ምን ብሎ ይሆን? ማርቆስ ስለ ባለቤቱ ምንም አልጻፈም። ከዚህ መልስ በኋላ ስለ ጣሪያው ባለቤት የቀለዱ ሦስት አጫጭር መልሶች ነበሩ፣ ከቁጥር ውጭ አድርጌያቸዋለሁ።

6ኛው ሰሜን እስራኤል የሚኖር ወንድማችን ነው። ጥብርያዶስ አጠገብ ሠርቷል። የመሬቱን አቀማመጥ ሳያዩ የሕዝቡን ነገር መረዳት ይከብዳል አለን። የገሊላ ባሕር ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 21፣ ስፋቱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከማዶ ሲቀዝፉ የሚያዩትን ጀልባ ተከትሎ በዳርቻው መሮጥ ይቻላል። ማርቆስ 6 ላይ ሕዝቡ በእግር ሮጦ ጀልባውን ቀደመ የሚለው እዚያ ቆሞ ላየ ሰው አይገርምም። ቅፍርናሆምም ጭው ያለ ገጠር አልነበረችም። በመንገድ ላይ ነበረች፣ ቀረጥ መቀበያም ነበራት። ሌዊ የተጠራው እዚያ ተቀምጦ ነው። ነጋዴ የሚያልፍበት፣ ዓሣ የሚጫንበት ቦታ ወሬ ቶሎ ይወጣል። የዘመኑን ጀልባ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ደግሞ በ1986 ድርቅ ሆኖ ሐይቁ ሲሸሽ ከጭቃ የወጣውን ይመልከት። ርዝመቱ 8 ሜትር ከምናምን ነው፣ ጊኖሳር በተባለው መንደር ሙዚየም ይታያል።

7ኛው እዚያው አካባቢ ፍል ውኃ እንዳለ አነሣ። ከጥብርያዶስ በስተ ደቡብ ያለው ፍል ውኃ በዚያ ዘመንም ለፈውስ የሚፈለግ ነበር፣ የአንደኛው መቶ ዓመት አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ዮሴፈስም ጠቅሶታል። ስለዚህ ከሩቅ አገር በሽተኛ ወደ ሐይቁ መምጣቱ ከጌታ በፊትም የነበረ ነገር ነው። ይህ ለእኔ ሐሳብ ትልቅ ድጋፍ ነው፣ አላውቀውም ነበር።

8ኛው መልስ ላይ ነፋሱ ተለወጠ። አንድ አባት ናቸው፣ ከአጻጻፋቸው ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ይመስላል። ጌታን ሐኪም ቤት አደረጋችሁት ብለው ተቆጡ። ፈውሱ ምልክት እንጂ ዋናው ነገር አይደለም፣ ዋናው የኃጢአት ስርየት ነው። ሽባውን መጀመሪያ ያለው ኃጢአትህ ተሰረየልህ ነው፣ አልጋህን ተሸከም ያለው በኋላ ነው። እኔ የጠየቅሁት ጌታ ለምን መጣ ሳይሆን ሕዝቡ ለምን መጣ ነበር። የሁለቱ ልዩነት የክሩ ግማሽ ጠብ መነሻ ሆነ።

9ኛው ነገሩን ወደ ፖለቲካ ወሰደው። ገሊላን የሚገዛው ሄሮድስ አንቲጳስ ነበር። በዓመት ከገሊላና ከዮርዳኖስ ማዶ ካለችው ከፔሪያ 200 መክሊት ገቢ ነበረው። ጥብርያዶስን የሠራው በዚያው ዘመን፣ ወደ 20 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከተማ የሚሠራው በማን ጀርባ እንደሆነ ይታወቃል ብሎ ጻፈ። ከዚያ መጥምቁ ዮሐንስን አነሣ። ዮሐንስ ማንንም አልፈወሰም፣ በዮሐንስ ወንጌልም ምንም ምልክት አላደረገም ተብሎ ተጽፏል። ግን ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወደ ዮርዳኖስ ወረደ። ዮሴፈስ እንደሚለው ሄሮድስ የገደለው ሕዝቡ በዮሐንስ ቃል ተነሣስቶ እንዳያምፅ ፈርቶ ነው። እና ፈውስ ሳይኖር ሕዝብ መሰብሰብ ይቻል ከነበረ የእኔ ሐሳብ ምን ላይ ይቆማል?

ይህ ጥያቄ ያስቸግራል። መልስ ልሰጥ ስል 10ኛው ጣልቃ ገባ። ዮሴፈስ ማለት የእኛው ዮሴፍ ወልደ ኮርዮን ነው፣ መጽሐፉ በግእዝ አለን፣ እዚያ ላይ ይህ የለም አለ። 11ኛው አረመው፣ ትንሽ በንቀት። ዮሴፈስ በአንደኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የጻፈው ነው። በእኛ ዘንድ በወልደ ኮርዮን ስም የሚታወቀው ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ በዕብራይስጥ ከተጠናቀረ፣ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ከመጣ መጽሐፍ ነው። ሁለቱ አይጋጩም፣ ሁለት መጻሕፍት ናቸውና። 10ኛው ጸሐፊ አመስግኖ አለፈ። ለዚህ መድረክ ብርቅ ነው።

12ኛው የ9ኛውን ሐሳብ ገፋበት። ቴዎዳስ የተባለ ሰው ነበር፣ ፋዱስ በይሁዳ ገዢ በነበረ ጊዜ። ዮርዳኖስን ከፍዬ አሻግራችኋለሁ ብሎ ሕዝቡን ንብረቱን አሸክሞ አወጣው። የሮማ ፈረሰኞች ደረሱበት፣ ራሱ ተቆርጦ ኢየሩሳሌም ገባ። ከእርሱ በኋላ በሌላው ገዢ በፊልክስ ዘመን ግብፃዊው የተባለ ነቢይ ነኝ ባይ መጣ። ዮሴፈስ 30,000 ሰው ተከተለው ይላል፣ የሐዋርያት ሥራ ደግሞ 4,000። ከሁሉም በፊት በ6 ዓ.ም. በሮማውያን ቆጠራ ጊዜ ያመፀው የገሊላው ይሁዳ ነበር። ስለዚህ ያ ሕዝብ ለመነሣት የተዘጋጀ ነበር። ተስፋ የሚሰጥ ድምፅ በሰማ ቁጥር ይወጣል።

እዚህ ላይ እኔም ገብቼ ጻፍኩ፣ 13ኛው የእኔ ነው። ሕዝቡ የሚጠብቀው ነገር እንደነበረ አልክድም። ግን የእነ ቴዎዳስ ሰዎች የተጠሩት ወደ አንድ ቦታ፣ ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ትልቅ ነገር ነው። የገሊላው ሕዝብ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ሌላ መንደር ላይ ደግሞ ሌላው ይመጣል። በማርቆስ 6 መጨረሻ በየመንደሩና በየእርሻው በሽተኛውን ገበያ ላይ አስቀምጠው የልብሱን ጫፍ እንኳ እንዲነኩ ይለምኑታል። ዐመፅ እንዲህ አይደለም የሚጀመረው። ይህ የቸገረው ሰው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ደም የፈሰሳትን ሴት አስቡ። ያላትን ሁሉ ለባለመድኃኒቶች ከፍላ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ማርቆስ ይህን በግልጥ ይጽፈዋል። ሉቃስ ጋ ስትሄዱ ባሰባት የሚለው የለም። ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበርና የሙያ ጓደኞቹን ሸፈን ሳያደርጋቸው አልቀረም።

14ኛው ስለ እንጀራው ነው። ጸሐፊዋ ዮሐንስ 6ን አመጣች። አምስት ሺሁ በበሉ ማግስት ባሕሩን ተሻግረው ሲፈልጉት ጌታ ራሱ ምክንያታቸውን ነገራቸው። የፈለጋችሁኝ እንጀራ ስለ በላችሁና ስለ ጠገባችሁ ነው አላቸው። ከዚህ በላይ ምስክር የለም አለች። ፊልጶስ ሂሳቡን ያሰላው የ200 ዲናር እንጀራ አይበቃም ብሎ ነው። አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነው። እንጀራው ደግሞ የገብስ ነው፣ የድኻ ምግብ። ጠግቦ ማደር ብርቅ የሆነበት ሰው ነው የተከተለው።

15ኛው ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ቁጥር ወደ ላይ ከፍ በሉ አለ። ከበሉ በኋላ ይዘው ሊያነግሡት ፈልገው እርሱ ወደ ተራራ ሸሸ። እንጀራው፣ ንግሡና ፈውሱ እዚያ አንድ ላይ ነው ያለው። እኛ ነን የምንለያየው። በእኔ ግምት ከክሩ ሁሉ ጥሩው መልስ ይህ ነበር። ማንም አላስተዋለውም፣ ምክንያቱም 16ኛው ዓሣ አመጣ።

የዓሣው ወሬ ከ16 እስከ 19 ሄደ። ሁለቱ ዓሦች ጥሬ ነበሩ ወይስ ደረቅ? ጥሬ ይዞ ምድረ በዳ የሚወጣ የለም፣ በጨው የደረቀ ነው ተባለ። የግሪኩ ጂኦግራፊ ጸሐፊ ስትራቦ የሐይቁ ዓሣ በጨው ለማቆየት ግሩም እንደሆነ መጻፉን አንዱ ጠቀሰ። ጥብርያዶስ አጠገብ የሠራው ወንድም ተመልሶ መጥቶ ዛሬ ቱሪስት የጴጥሮስ ዓሣ ተብሎ የሚቀርብለት የእኛው የቆሮሶ ዘመድ መሆኑን ነገረን። ከዚያ የሐዋሳና የዝዋይ ቆሮሶ ተነሣ፣ የትኛው ይጣፍጣል ተባለ፣ ጥብስ ይሻላል ጉላሽ ተባለ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ሲጀመር አድሚኑ ሌላ ክር ክፈቱ አለ። ተገላገልን።

20ኛው ተጠራጣሪ ነበር። ቅፍርናሆም ቢበዛ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሰው ቢኖርባት ነው፣ አምስት ሺህ ወንድ ከየት መጣ? ማቴዎስ ደግሞ ሴቶችና ልጆች ሳይቆጠሩ ይላል። ቁጥሩ ለማጋነን የገባ ነው ባይ ነው። 21ኛው በሁለት ነገር መለሰለት። ዮሴፈስ በገሊላ 204 ከተሞችና መንደሮች እንዳሉ ጽፏል፣ ገሊላ ማለት ቅፍርናሆም ብቻ አይደለችም። ሁለተኛ፣ ዮሐንስ ፋሲካ ቀርቦ ነበር ይላል። ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣ ሰው በየመንገዱ የሚሰበሰብበት ወቅት ነው። 20ኛው ይሁን እንጂ ሺህ ሲባል መጠንቀቅ ጥሩ ነው ብሎ አለፈ።

22ኛው ሕዝቡ እንዴት ሰማ የሚለውን አነሣ። ማይክ የለም። ጌታ ከጀልባ ላይ ያስተማረው ሕዝቡ እንዳይጋፋው ብቻ አይደለም፣ ድምፅ በውኃ ላይ ጥሩ ይሄዳል፣ ዳርቻው ደግሞ ወደ ላይ ከፍ ስለሚል አድማጩ እርከን በእርከን ይቀመጣል አለ። በአንድ ሰው ድምፅ ስንት ሺህ ይሰማል ለሚለው ደግሞ ከአሜሪካ ታሪክ ማስረጃ አቀረበ። በ1739 ጆርጅ ዋይትፊልድ የተባለው ሰባኪ ፊላደልፊያ ውስጥ አደባባይ ላይ ሲሰብክ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ድምፁ እስከማይሰማበት ድረስ ወደ ኋላ ሄዶ ለካ። ሰው በምን ያህል ቦታ እንደሚቆም አስልቶ ከ30,000 በላይ ሊሰማው ይችላል አለ። ለአምስት ሺህ በቂ ነው።

23ኛው ላይ ጠቡ ፈነዳ። አንድ ወጣት የዛሬዎቹን ነቢይ ነን ባዮች አነሣ። አዳራሹን የሚሞላው ያው በሽታና ችግር ነው፣ ልዩነቱ የገሊላው ሐኪም ገንዘብ አለመቀበሉ ነው አለ። እዚህ ድረስ ደህና ነበር። ከዚያ ግን ወደ 8ኛው አባት ዞሮ አንተ እያለ ይናገራቸው ጀመር፣ እንደ አንተ ያለ ሰው ነው ሕዝቡን ወደ እነርሱ የሚያስጠጋው ለማለት ፈልጎ። አባት በ24ኛው መለሱ፣ አልተሳደቡም። በእድሜ አባትህን አንተ የምትል ከሆነ ስለ ወንጌል ከማውራትህ በፊት ሰላምታ ተማር የሚል መንፈስ ነበረው። 25ኛውና 26ኛው ተሰረዙ። ምን እንደነበሩ አይቻለሁ፣ መሰረዛቸው ጥሩ ነው። ወጣቱ በኋላ ተመልሶ እርስዎ ብሎ ጻፈላቸው፣ በሐሳቡ ግን አንዲት እርምጃ አላፈገፈገም።

27ኛውን የጻፈችው እኅት እስካሁን ስለ ሴቶች ማንም አለመጻፉን ታዝባ ገባች። ሉቃስ 8 ላይ ከመግደላዊት ማርያም ጋር ዮሐና አለች፣ የሄሮድስ አዛዥ የኩዛ ሚስት። ሶስናም አለች። በገንዘባቸው ያገለግሉ ነበር። ሦስቱም የተጠቀሱት ከክፉ መናፍስትና ከደዌ ከተፈወሱት ሴቶች መካከል ነው። ስለዚህ የፈውሱ ሐሳብ ልክ ነው፣ ግን አልጨረሳችሁትም አለችን። እነዚህ ድነው ወደ ቤታቸው አልተመለሱም። የሄሮድስ ቤት ሰው ሚስት ከዓሣ አጥማጆች ጋር በየመንደሩ ስትዞር ቤተ መንግሥቱ ምን ይል ነበር? ሌሎቹ ሺዎች ድነው ሲመለሱ እነዚህ ቀሩ። ጥያቄውም መሆን ያለበት ይህ ነው፦ ብዙው ለምን መጣ ሳይሆን ጥቂቱ ለምን ቀረ።

28ኛው ይህንን ከዮሐንስ 6 መጨረሻ ጋር አያያዘው። ሥጋዬን ብሉ ደሜን ጠጡ ሲል ከደቀ መዛሙርቱ ብዙዎች ወደ ኋላ ተመለሱ። በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ከአምስት ሺህ ጀምሮ አሥራ ሁለቱን እናንተም ልትሄዱ ትወዳላችሁን ብሎ ይጠይቃል። ንግግሩ ከበዳቸው ተብሎ ተጽፏል። ትምህርቱ ሰበሰባቸው የምትሉ ሰዎች ትምህርቱ የበተናቸውንም ቁጠሩ የሚል ነበር። 2ኛው ወንድም ይህ እንዳልተመቸው ጻፈ፣ የቀሩትም የዘላለም ሕይወት ቃል አለህ ብለው እንጂ በሌላ አይደለም የቀሩት ብሎ። እውነት ነው። ጴጥሮስ ያን ጊዜ የጠቀሰው ፈውስ አይደለም።

ከ29 ጀምሮ ወሬው ወደ ኢየሩሳሌም ተሻገረ። 29ኛው በሆሣዕና ዘንባባ ያነጠፈው ሕዝብ በዓርብ ስቀለው አለ፣ ሕዝብ እንዲህ ነው የሚለውን የተለመደ ስብከት ደገመ። 30ኛው አላስጨረሰውም። ሁለቱ አንድ ሕዝብ ስለመሆናቸው ማስረጃው የት አለ አለ። ከጌታ ጋር ወደ ከተማ የገባው ለፋሲካ የመጣ መንገደኛ ነው፣ ብዙው ከገሊላ። በማቴዎስ ይህ ማን ነው ብለው የጠየቁት የከተማው ሰዎች ናቸው፣ የመለሰላቸው አብሮ የገባው ሕዝብ ነው፣ ከናዝሬት የመጣው ነቢይ ኢየሱስ ነው ብሎ። ሁለት ወገን እንዳለ እዚያው ይታያል። የካህናት አለቆች በበዓል አይሁን ያሉት ሕዝቡ እንዳይታወክ ፈርተው ነው። የያዙትም በሌሊት ነው፣ ከከተማው ውጭ በጌቴሴማኒ። ጲላጦስ ፊት የተሰበሰበው በጠዋት ነው፣ ማርቆስ ደግሞ ካህናቱ እንዳነሣሡት ይናገራል። የገሊላው መንገደኛ ያን ሰዓት ድንኳኑ ውስጥ ሊሆን ይችላል፣ ነገሩን የሰማው መስቀሉ ከቆመ በኋላ ይሆናል። ሉቃስ ደግሞ ወደ ስቅለቱ ሲሄድ ብዙ ሕዝብና ሙሾ የሚያወጡ ሴቶች እንደተከተሉት ጽፏል። እነርሱስ ከየትኛው ሕዝብ ናቸው?

31ኛው ከአልዓዛር ጋር የተያያዘውን ጨመረ። ዮሐንስ 12 ላይ ሕዝቡ ወደ ቢታንያ የመጣው ስለ ጌታ ብቻ ሳይሆን ከሞት የተነሣውን አልዓዛርን ለማየትም ነው። የካህናት አለቆች አልዓዛርንም ሊገድሉ ተማከሩ። ሞቶ የተነሣን ሰው ለማየት መንገድ መውጣት እኔንም አያሳፍረኝም ብሎ ጨረሰ። 8ኛው አባት ሳይቀሩ በዚህ ሳቁ፣ ወይም ቢያንስ ሁለት የፈገግታ ምልክት ለጠፉ።

32ኛው፣ እስከዛሬ የመጨረሻው መልስ፣ ጥያቄ ነው። ከዕርገት በኋላ በኢየሩሳሌም የተሰበሰቡት 120 ያህል ነበሩ ይላል የሐዋርያት ሥራ። ጳውሎስ ከ500 ለሚበልጡ ወንድሞች በአንድ ጊዜ ታየ ይላል፣ የት እንደሆነ ግን አይናገርም። እንጀራውን የበሉት፣ የተፈወሱት፣ ጣሪያ የቆፈሩት ገሊላውያን የት ሄዱ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ በገሊላ ያሉ ምእመናን በአንድ መስመር ብቻ ይጠቀሳሉ፣ ሰላም እንዳገኙና እንደበዙ። ስለዚህ ነበሩ። 32ኛው ስለ እነርሱ የሚያውቅ ሰው ካለ እንዲጽፍለት ጠየቀ። ሰሜን እስራኤል ያለው ወንድማችን ቅዳሜ ቅፍርናሆም ስለምሄድ ከፍርስራሹ ፎቶ ጋር የማውቀውን እጽፋለሁ ብሏል። እኔም እየጠበቅሁት ነው።